የጋሽ በላቸው ሰደፍ

ባለፈው ሰሞን ወሎ ሰፈር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የተልባ ዘይት ሽታ መጣብኝ። ሽታውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ የምግብም አይደል፣ የቀለምም አይደል፤ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት የሚመጣውን ዓይነት ነው። አንገቴን አስግጌ ብመለከት አንድ አናጢ ለምግብ ቤት የሚሆን ጠረጴዛ በስፖንጅ ይቀባል። "አባባ፣ ምን ፈለጉ?" አለኝ። "ተልባ ነው አይደል?" አልኩት። "አዎ፣ ኦርጋኒክ ነው፤ ደንበኞቹ ኬሚካል አንፈልግም ብለው ነው" አለኝ። በመዳፍ ሲታሽ ይበልጥ እንደሚገባ ብነግረው፣ እጁን አየት አደረገና "ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ ቶሎ አይለቅም!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አይለቅም። ታክሲው መጥቶ፣ ሞልቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የምሄድበትንም ረሳሁት።

ዛሬ ቦሌ ሚካኤል ለሚኖር ወጣት የዚያን ጊዜውን ሰፈር ብነግረው ተረት ይመስለዋል። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ እኔም በደንብ አልይዘውም፣ ብይዘውም አይጠቅማችሁም። አውሮፕላን ሲነሣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን መሐል ላይ አቁመን እስኪያልፍ እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ቦሌ መንገድ ቢሮ የሚሠራው ሁሉ እስከ አስፋልቱ በቦቲ ይወጣና፣ ቦቲውን ባለ ሱቁ ዘንድ አስቀምጦ በጋዜጣ የጠቀለለውን ጫማ ይቀይራል። ከዚያ ውይይት ላይ ይሳፈራል። ውይይት ማለት ፊት ለፊት ተፋጠን የምንቀመጥባት ታክሲ ነበረች፤ በስሙኒ ካሰብንበት ታደርሰን ነበር፣ ወሬው በነጻ። የዛሬ ተሳፋሪ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ነው የሚሄደው፤ እሱንም ከስልኩ ቀና ካለ ነው። እኔና ጓደኛዬ ደረጀ ጫፉ መሬት የሚጠርግ ቤልቦቶም ሱሪ ነበረን። ነበረን ስል አንድ ነበረን ማለቴ ነው፤ ቁመታችን፣ ወገባችን፣ ክንዳችን ሳይቀር አንድ ልክ ስለነበር በየተራ እንለብሰዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ ቤቱ ደጅ ቆመን አዲስ ካሴት እንሰማለን፤ ባለቤቱ፣ "ዛሬም ልትገዙ ነው የመጣችሁት?" እያለ ያሾፍብን ነበር።

የደረጀ አባት ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ከጎጃም መጥተው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ዝምተኛ፣ ክራቫታቸውን እሑድም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ጠመንጃ ነበራቸው፤ የቀበሌ ጥበቃ ተራ ስለሚወጡ ፈቃድ አላቸው። የጠመንጃው ሰደፍ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨቱ፣ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነበር። እሳቸው ግን አላስጠገኑትም፤ ሆን ብለው ነው። በእሳቸው አገር ብረቱ ለልጅ ይተላለፋል፣ እንጨቱ ግን በወራሹ ክንድ ልክ አዲስ ይሠራል፤ ያውም አባትየው በገዛ እጁ ነው የሚሠራው። ደረጀ ደግሞ አንድ ልጃቸው ነበር። እሱ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ከአባታቸው ጓሮ አንድ የዋንዛ ግንድ አስቆርጠው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭነው አምጥተው፣ ኮርኒስ ላይ ሲያደርቁት ኖረዋል። ደረጀ ስለ ጠመንጃው ሲነሣ ያፍር ነበር። "እኔ ጊታር ልገዛ አስባለሁ፣ አባዬ ጠመንጃ ይለካልኛል" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ደረጀ ለውትድርና ተጠራ። የዚያን ዘመን ጎረምሳ የሆነ ሁሉ ይጠራ ነበር፤ እኔ ዓይኔ ደካማ ስለሆነ መነጽሬ አዳነኝ። መኪናው የመጣው ከተባለው ቀን ቀድሞ ነው። ጋሽ በላቸው ከሥራ ሲመለሱ ልጃቸው ሄዷል፤ መሳም ቀርቶ ክንዱን እንኳ አልለኩትም። የተቆጩት በዚህ ነው፣ ወይም የተናገሩት ይሄኛውን ብቻ ነው። በሳምንቱ እኛ ቤት ድረስ መጥተው በር ላይ ቆሙ። "ግርማ፣ ክንድህ ከደረጀ ክንድ ጋር አንድ ነው አይደል?" አሉኝ። "አንድ ነው ጋሽዬ" አልኳቸው። "እንግዲያው ከሥራ ስትወጣ ብቅ እያልክ አበድረኝ። ሲመለስ ተሠርቶ ይጠብቀው።"

ሥራው በረንዳቸው ላይ ነበር። አሮጌ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንጨቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ አሰሩ፤ መጋዝ፣ መሮና ሞረድ ደረደሩ። ክራቫታቸውን ሳይፈቱ፣ ላዩ ላይ ሽርጥ አገልድመው ይጀምራሉ። ብረቱን በኩራዝ ጥላሸት ይቀቡትና በተፈለፈለለት ቦታ እንጨቱ ላይ ይጫኑታል። መልሰው ሲያነሡት ጥላሸቱ የነካው ይጠቁራል፤ የጠቆረውን ብቻ በመሮ ጫፍ ይፍቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ፣ እንደገና ይጭናሉ። ይህን የሚያህል ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የእኔ ድርሻ ቀላል ነበር። ሰደፉን ክርኔ እጥፋት ውስጥ አስገብቼ ጣቴን ወደ ምላጩ እዘረጋለሁ፤ ጣቴ ሳይንጠራራም ሳይታጠፍም ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። ገና ረጅም ስለነበር አይደርስም፤ ጋሽ በላቸው በእርሳስ ምልክት አድርገው ከታች ጫፉ ትንሽ ይሞርዳሉ። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ አጭር፣ ቀልደኛ ሴት ነበሩ፤ ቁመታቸው ከእኔ ደረት አያልፍም። ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "አንተ ግርማ፣ የልጄን ክንድ ስትጠቀምበት እንዳታቆሽሸው!" ይሉኛል። ሞረዱ ሲያርፍ ደግሞ፣ "በላቸው፣ ምነው ዝም አልክ? ደከመህ?" ብለው ይጣራሉ። የሞረዱ ድምፅ ከልጃቸው መምጣት ጋር ተያይዞባቸው ነበር። "እሱ ሲሰማ ልቤ ይረጋል፤ እየመጣ ነው ማለት ነው" ይሉ ነበር።

በዚያ ሰፈር ልጁ የዘመተበትን ሰው ሰላም ሲሉ ስለ ልጁ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። የውሃ ቦኖው ጋ፣ ባለ ሱቁ ጋ፣ ሚካኤል ደጀ ሰላም፣ ጋሽ በላቸውና እትዬ ስንዱ በየደረሱበት፣ "ደረጀ ደህና ነው?" ይባላሉ። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። መልሱን ማንም አይጠብቀውም፤ ጥያቄው ራሱ ሰላምታ ነበር።

እኔ የምሠራው ኤርፖርት ዕቃ ክፍል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በክራንች የሚሄድ ወታደር ፈልጎኝ መጣ፤ የት እንደምሠራ ደረጀ ነግሮት ኖሯል። ሻይ ልግዛልህ ስለው እምቢ አለኝ። "እኔ ነኝ የቀበርኩት" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልጽፈውም፤ አልችልምም። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች፤ ድምፅ ከወጣ ጎረቤት ይሰማል። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የእድሩን ዳኛና የጋሽ በላቸውን የንስሐ አባት ጠራች።

የተሰበሰቡት እኛ ሳሎን ነው። የእድሩ ዳኛ ቆፍጠን ያሉ ነጋዴ ነበሩ። "ስንዱ ደም ብዛት አለባት፤ ወንድሟ ከጎጃም ሳይመጣ መርዶ አይነገርም" አሉ። አብሯቸው የመጣው የእድሩ ጸሐፊ፣ "መንገዱ ተደርምሷል ነው የሚባለው፤ ክረምቱ ሳይወጣ እንዴት ይመጣል?" አለ። "እንግዲያው ክረምቱ ይውጣ፤ የሞተው አይመለስ፣ ያሉትን እንጠብቅ" አሉ ቄሱ። እኔ፣ "እስከዚያ ድረስ ምን ሊደረግ ነው? ጋሽ በላቸው በየቀኑ እኮ ይጠሩኛል" ብዬ ተነሣሁ። እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ትሄዳለህ። ብትቀር ይጠረጥራሉ። እንደወትሮህ ሄደህ ክንድህን ትሰጣለህ" አለች። ያንን ስብሰባ ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ደጋግ ሰዎች ነበሩ፣ ይህን አልክድም፤ አንዳቸውም ለራሳቸው አላሰቡም። ግን አንድ ሬሳ በእኔ ክንድ ላይ ጭነው ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አላሰቡም። ወሬው ሌሊቱን በሹክሹክታ ተዳርሶ፣ በማግስቱ መላው ሰፈር ስለ ደረጀ መጠየቅ አቆመ። ማንም አትጠይቁ አላለም። ነገር ግን የሞተን ልጅ "ደህና ነው?" ብሎ እናት አባቱን መጠየቅ ግፍ ነው፤ አንደበት እሺ አይልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ "እንዴት አደራችሁ?" ካለ በኋላ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። ባለ ሱቁ ስለ ስኳር እጥረት ያወራል። ሙዚቃ ቤቱ ጋሽ በላቸው ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም ያዘነላቸው መስሎት እየተጠነቀቀ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ከጩኸት ይብስ ነበር። እንደ ድሮው መጠየቋን የቀጠለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ጠላ ሻጭዋ ዘነበች። ለእሷ አልተነገራትም፤ ዘነበች ምስጢር እንደማትይዝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰደፉ ክንዴ ላይ ልክ የሆነው በዚያው ሰሞን ነው። ክርኔ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጣቴ ምላጩ ላይ ስታርፍ፣ እኔ ራሴ አበቃ ብዬ ነበር። ጋሽ በላቸው አዩት፣ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይን አዩት፣ "ገና ነው" አሉ። በማግስቱም፣ "ገና ነው"። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል፣ ሲደርቅ የሚሻክረውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፤ አፍልተው ያበረዱትን የተልባ ዘይት በመዳፋቸው ያሹታል፣ ክረምት ነውና አይደርቅም። ዘይቱ ሳይደርቅ እንደገና ሞረዱን ያነሣሉ። ዘይት የጠጣ እንጨት ሲሞረድ ብናኙ እየተድቦለቦለ ጣታቸው ላይ ይጣበቃል፤ ይሄ ደግሞ የሥራው ሥርዓት እንዳልሆነ ከእሳቸው የተማርኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። ዓይናቸውን ላለማየት ዋንዛውን አያለሁ፤ ቡናማው መሐል ለመሐል ጠቆር ያለ ጭረት ነበረው፣ ሲቀባ ያምር ነበር። እትዬ ስንዱ ጓዳ ሆነው ያንጎራጉራሉ። የደረጀን ሸሚዞች አጥበው፣ ተኩሰው ሳጥን ውስጥ ከተዋል፤ ብል እንዳይበላቸው ብለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያስመጡኛል።

አንድ ቀን ጠመንጃውን ክንዴ ላይ ሳሳርፍ ጣቴ ምላጩን አልፋ ሄደች። ምላጩ ላይ ልመልሳት ስል እጄ ተጣጠፈ። እትዬ ስንዱ ቦኖ ወርደው ነበር። "ጋሽዬ፣ አጠረ እኮ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ለደረጀ አይሆንም።"

"አውቃለሁ አልኩህ።" ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በሽርጡ ጠረጉ። "ልጄ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?"

"ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"ሁላችሁም። ሰው ሁሉ ባንድ ቀን መጠየቅ አቆመ። አሁን የምትጠይቀኝ ዘነበች ብቻ ናት፤ ለዘነበች ደግሞ ምስጢር አይነገራትም።" ድምፃቸው አልተሰበረም፤ የቢሮ ጉዳይ የሚያስረዱ ይመስላሉ። "አንተንም አየሁህ። ድሮ ጠመንጃውን ስትይዝ ትስቅ ነበር።"

ላለቅስ ስል ትከሻዬን ጨበጡኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨበጡኝ። "እዚህ አይለቀስም። ስንዱ አልገባትም። የሞረዱን ድምፅ እየሰማች ነው የምትውለው፤ ካቆምኩ በዚያው ቅጽበት ትጠይቀኛለች። ስትጠይቀኝ አልዋሽም፤ ዋሽቻት አላውቅም። ስለዚህ አላቆምም። እንጨት እስካለ እሞርዳለሁ፤ ወንድሟ ይምጣ።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሰደፉ ጫፍ መሞረድ ጀመሩ። በዚያ ቀን የተማርኩት ሽማግሌዎቹ ያደረጉባቸውን እሳቸው መልሰው ሚስታቸው ላይ እንደሚያደርጉት ነው፤ በፍቅር፣ በጥንቃቄ፣ በሞረድ። እትዬ ስንዱ ባልዲ ተሸክመው ሲገቡ፣ "ጎሽ፣ ሥራ አልቆመም!" አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ያንን ደስታ ማየት ከመርዶው ይልቅ ከብዶኛል።

የእትዬ ስንዱ ወንድም የደረሱት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ ቄሱ ከፊት፣ የእድሩ ዳኛና ወንድማቸው ከኋላ፣ እኔና እናቴ ከነሱ ቀጥለን ገባን። እትዬ ስንዱ ኪዳን ሊያደርሱ ነጠላቸውን እያጣፉ ከበሩ ሲወጡ ተገጣጠምን። መጀመሪያ ወንድማቸውን አዩና ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ቄሱን አዩ። ምንም መነገር አላስፈለገም። ጩኸታቸው ሲወጣ ከየቤቱ ሰው መፍሰስ ጀመረ፤ ሁሉም ለብሶ ነበር፣ ሁሉም ቀድሞ ያውቃልና። እትዬ ስንዱ ይህንን አዩ። ጎረቤቱን አንድ በአንድ፣ የተዘጋጀ ጥቁሩን፣ የታሰረ መቀነቱን አዩ። ልቅሶአቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። "ግርማ፣ ክንድህን ስትሰጥ ታውቅ ነበር?" አሉኝ። "አዎ እትዬ" አልኩ። ከዚያ ባለቤታቸውን አዩ። "አንተስ በላቸው?" ጋሽ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ማለታቸው ነው። "እኔ እኮ ሳንጎራጉር ነበር የከረምኩት" አሉ እትዬ ስንዱ። ከዚያ በኋላ እንባ አልወጣቸውም።

ድንኳኑ የተተከለው ገና ጭቃው ባልደረቀው ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ የሆቴል መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። አልቃሽዋ የደረጀን ቁመት፣ የደረጀን ሳቅ እያነሣች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ፎቶው ወጣ፣ እነዚያ የተተኮሱት ሸሚዞች ወጡ። የእትዬ ስንዱ ወንድም ተነሥተው፣ "ጠመንጃው የታለ? ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ጠመንጃው ካልወጣ በምን እናልቅስ?" አሉ። በእነሱ አገር የሟቹን መሣሪያ አንድ የቅርብ ዘመድ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞ ድንኳኑን ይዞራል። ጋሽ በላቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጠመንጃውን እንዳመጣ የላኩኝ የእትዬ ስንዱ ወንድም ናቸው። በረንዳው ላይ ጠረጴዛው እንዳለ ነበር፤ ሰደፉ ሞርሳው ላይ ታስሮ፣ ብናኙ እግር ይውጣል። ፈትቼ፣ ከብረቱ ጋር በብሎኑ አጥብቄ አመጣሁት።

ሰውየው ተቀብለው፣ ሊዘቀዝቁት ሲሉ ክብደቱ ግራ ገባቸው መሰለኝ፤ ትከሻቸው ላይ ደገኑት። አልያዘላቸውም። ክርናቸው ጎናቸው ውስጥ ተቀረቀረ፣ አውራ ጣታቸው አፍንጫቸውን መታው። "ይሄ ምንድን ነው? ይሄ የሕፃን ነው! ማን ነው ይህን ያበላሸው?" ብለው ጮኹ። አልቃሽዋ ግጥሟን አቋረጠች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ በላቸው ዞረ፤ እሳቸው ቀና አላሉም። እኔ ልናገር ተነሣሁ፣ ምን እንደምል ግን አላውቅም።

ከሴቶቹ መሐል እትዬ ስንዱ ተነሡ። ሊደግፏቸው የያዟቸውን እጆች አስለቀቁና በድንኳኑ መሐል አልፈው መጡ። "አምጣው ወንድሜ" አሉ፣ "የሕፃን አይደለም። ለእኔ ነው የተለካው።" ጠመንጃውን ተቀብለው ሰደፉን ክርናቸው እጥፋት ውስጥ አስገቡት፤ ጣታቸው ሳይንጠራራ፣ ሳይታጠፍ ምላጩ ላይ አረፈ። ሁላችንም አየነው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ጭቃው ዘቀዘቁና ድንኳኑን መዞር ጀመሩ፤ አንዲት ሴት ጠመንጃ ይዛ ለቅሶ ስትዞር ከዚያ በፊት ያየ ሰው እዚያ አልነበረም፣ የከለከላቸውም አልነበረም። ጋሽ በላቸው ፊት ሲደርሱ፣ ባለቤታቸው ከአግዳሚው ተነሥተው አብረው ሊይዙላቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ስንዱ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩና አልፈዋቸው ሄዱ።